ስንት ጣት

ጁላይ 3

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ቤታችን ውስጥ ሌላ አንባቢ ስለሌለው ነው። አባቴ ዱዓሌ በየትኛውም ቋንቋ አያነብም። ወንድሜ ዋይስ ሱማልኛ ያነባል። እኔን ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ልከው ሲያስተምሩኝ እሱ እዚህ፣ ጫማ ሰፊና ቢላ ሠሪ ብቻ በሚኖርበት ሰፈራችን ዳሚ፣ ከአባቴ ጋር ጫማ እየሰፋ ነው ያደገው። ስለዚህ አማርኛዬ የብቻዬ ክፍል ነው፤ ገብቼ እዘጋዋለሁ።

ዛሬ የስፌት ቤቱ በር ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩ። «በእጅ የተሰፋ ሰንደል። አርባ ዶላር። ዋጋው አንድ ነው።»

አርባው ከሰማይ አልወረደም። ቆዳውን፣ ሶሉን፣ ማስቲሹን፣ በሰም የታሸውን ክር ደመርኩ፤ ከዚያ አንድ ጥንድ ሰፍቶ ለመጨረስ የሚወስደውን ጊዜ ጨመርኩ። አባቴ የጨመርኩት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የእጅ ነው» አልኩት።

«እጅ ደግሞ ይሸጣል እንዴ? እጅን አላህ በነፃ ነው የሰጠን።»

እሱ ዕድሜውን ሙሉ ዋጋ ጠርቶ አያውቅም። ስንት ነው ሲሉት «ልብህ ያለህን» ይላል። ልባቸው የሚላቸውን ደግሞ አውቃለሁ።

ጎረቤታችን ቢላ ሠሪው አዴር ሂርሲ (አዴር እንደ አጎቴ ማለት ነው) ሰሌዳውን አንገቱን አዘንብሎ ተመለከተና «ስምሽ ዴቆ ነው፤ ስጦታ ማለት ነው። ስጦታ ላይ ዋጋ ሲለጠፍ ዛሬ ገና አየሁ» አለኝ።

«ያንተስ ስም ክታብ ማለት አይደል? አንገቴ ላይ ላንጠልጥልህ?»

እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

ጁላይ 7

ማንም አልገዛም። አንዲት ሴት ለክታ፣ ወዳው፣ መስታወት ፊት ተራምዳ፣ ሰሌዳውን ስታይ አወለቀችው። «ለዳሚ ጫማ?» አለች። ለኔ አይደለም፤ ለጓደኛዋ። እኔ የሌለሁ ይመስል።

ነፋስ። ሁሉም ነገር ላይ አቧራ።

ጁላይ 9

ዋይስ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ጀምሯል። ከሰፈሩ ልጆች ሁለቱ በሱዳን አድርገው ሊቢያ ገብተዋል። ተህሪብ፣ በስውር መሰደድ፣ የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም፤ ግን እራት ላይ ከኛ ጋር ይቀመጣል።

ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አልዋሸኝም።

«እዚህ ሆኜ ምን እጠብቃለሁ? አንቺ ዲግሪ ይዘሽ ምን አገኘሽ?»

እውነቱን ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ስመለስ ስንት ቢሮ ሲቪ አስገባሁ። እንግሊዝኛዬን ይወዱታል። ከዚያ በፈገግታ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል፤ ጎሳሽ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። የማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፈገግታው አይጠፋም፤ ስልክ ግን አይደወልም። መዋሸት እችል ነበር። አንድም ቀን አልዋሸሁም፤ አልዋሽምም።

ለዋይስ እንዲህ አልኩት፦ «የሠርግ ወቅት ነው፤ የውጭ አገሩ ሰው ሁሉ መጥቷል። ይህ ወቅት እስኪያልቅ ስጠኝ። በእጃችን መኖር እንደምንችል ካላሳየሁህ ያኔ አልይዝህም።»

«እሺ» አለኝ። «ግን በወረቀት ላይ ሒሳብ እንዳታሳዪኝ። በኪሴ አሳዪኝ።»

ጁላይ 14

ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው። እንቅልፍ የለኝም፤ በደስታ ነው።

ኤዶ ኻዲጃ መጡ፤ ኤዶ እንደ እትዬ ነው። ፍየልና በግ ወደ ዓረብ አገር የሚልኩ ነጋዴ ናቸው፤ አባቶቻቸው የአባቶቼ ጠባቂዎች ነበሩ ይላል አባቴ፤ ምን እንደጠበቁልን ግን ነግሮኝ አያውቅም። ልጃቸው ናዋል ከስዊድን መጥታ በኦገስት ታገባለች። ለሙሽራዋና ለአጃቢዎቿ ሠላሳ ጥንድ ሰንደል ይፈልጋሉ፤ እንደ ድሮው፣ በእጅ የተሰፋ፣ ጥለቱ በወስፌ የተወጋ።

ሲገቡ አባቴ ብድግ አለ። እኔ ተቀምጬ ቆየሁ፤ ከዚያ ተነሳሁ።

ሰሌዳውን በዓይናቸው አነበቡና «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፣ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«ዋጋችን ነው፣ ኤዶ። ዋጋው አንድ ነው ይላል።»

«ግድግዳ አይገበያይም፣ ልጄ። ሰው ነው ከሰው የሚገበያየው። ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

የከብት ገበያውን ግብይት ከሩቅ አውቀዋለሁ። ሻጭና ገዢ እጃቸውን በልብስ ስር አገናኝተው በጣት ይነጋገራሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ዋጋውን እንዳይሰማ ነው። አንዱ ጣት ይይዛል፣ ሌላው ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፤ ሲስማሙ እጅ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ማፍረስ ነውር ነው። የኛን ሰው እጅ እንዲያ የያዘ ግን አይቼ አላውቅም። አባቴ ገንዘብ ሲቀበል እስከዛሬ መዳፉን ይዘረጋና ከላይ እስኪጥሉለት ይጠብቃል።

ኤዶ ኻዲጃ የትከሻ ሻርፓቸውን በእጄ ላይ ጣል አድርገው አራት ጣቶቼን ጨበጡ። እጃቸው ሞቃት ነው። አንዱ ቀለበታቸው ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኛል፤ ምልክቱ አሁንም አለ። አራት፣ ማለት አርባ። ሰሌዳው አርባ ይላል፣ እጃቸው አራት ይላል። ራሴን ነቀነቅሁ። ቶሎ አለቀቁኝም። «ባረከላህ» አሉ። አባቴ ግድግዳው ጋ ቆሞ ያይ ነበር፤ ዓይኔ ውስጥም አቧራ ገብቶ ስለነበር ፊቱን በደንብ አላየሁትም።

ከሄዱ በኋላ ዋይስ «ስንት ተባባላችሁ?» አለኝ።

«አርባ።»

«በአፋቸው አሉሽ?»

«በእጃቸው።»

ትንሽ አየኝ። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለ።

ጁላይ 16

ቆዳ መረጥን። ዋይስ ጀርባውን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የሆዱ ቆዳ ይለጠጣል፣ በዓመቱ ላልቶ እግር ያስወጣል ይላል። ሻጩን አስለቀሰው።

ስልኩ ፊቱን ወደ ላይ ተቀምጧል።

ጁላይ 27

ለመጻፍ ጊዜ የለም። አባቴ ይቆርጣል፣ ዋይስ ይሰፋል፣ እኔ ጥለቱን እወጋለሁ። አውራ ጣቴ በወስፌ ተበስቷል፤ በጨርቅ አስሬዋለሁ።

ዋይስ ያንጎራጉራል። ከስንት ጊዜ በኋላ። ይህን ለምን ጻፍኩት? ያንጎራጉራል፣ በቃ።

ኦገስት 4

ሠላሳውን አስረከብን። ናዋል ራሷ ተቀበለችን። አንዱን አድርጋ በግቢው ንጣፍ ላይ ተራመደች፤ «የት ነበራችሁ እስከዛሬ?» አለች። እዚሁ፣ አልኳት።

ኦገስት 6

ስልኬ ላይ ገንዘብ ገባ። መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩ። ለአንድ ጥንድ አራት ዶላር። አርባ ሳይሆን አራት። ቆዳውን እንኳ አይመልስም።

ዋይስ በትከሻዬ በኩል አየው። ወስፌውን አስቀመጠ።

«ተሳስተው ይሆናል» አልኩት።

«ይሆናል» አለ። አንዳንድ ሰው ሲስማማልህ ያስፈራል።

ኦገስት 7

ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ። እንዳልጮህ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ አልጮህኩም።

«ኤዶ፣ የተዋዋልነው በአርባ ነው።»

«ማን አለ?»

«አራት ጣት ያዙ።»

«አራት ያዝኩ፤ አራት ከፈልኩ። ልጄ፣ ግመል ሲሆን ጣት መቶ ነው፤ ፍየል ሲሆን አስር። ጫማ ምንድን ነው? ጫማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እጁን ከልብስ ስር አያስገባም።»

«ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። አንብበውታል።»

«ሰሌዳሽን ትተሽ አይደል እጄን የያዝሽው?»

ተነስቼ ወጣሁ። አሁን፣ እዚህ፣ ስንት መልስ አለኝ።

ስመለስ አዴር ሂርሲን ጠየቅሁት። እውነት ነው፣ ጣቱ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በሚሸጠው ነገር ነው አለ። «ስለዚህ ነው ቀድሞ በአፍ የሚባለው፤ በአስር እናውራ ወይስ በመቶ ተብሎ። አላልሽም?»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

ቸኩዬ ነበር። ሥራ ነበረብኝ። ነፋስ ነበር።

ኦገስት 8

አርብ ነው። አምለሰት መጣች። ጎጃም ተወልዳ እዚህ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ወዳጄ ናት፤ አማርኛ የምናገረው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። የምትሠራው ደግሞ እዚያው፣ ኤዶ ኻዲጃ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ስከራከር ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች።

«ዴቆዬ፣ ልንገርሽ ወይስ ይቅርብሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ማዳም ለእንግዶቿ ስታወራ ነበር። ልጅቷ እጇን ስይዛት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዶላር ብላትም እሺ ትል ነበር አለች። እነሱም ሳቁ።»

«አቧራ ነው የነበረው።»

«እሺ፣ አቧራ ይሁን።» ብርጭቆዋን እያዞረች፦ «ያን ቀን ከናንተ ስትመለስ፣ ከመኪና ሳትወርድ ውሃና ሳሙና አምጪ ብላኝ ነበር። በሩ ላይ ነው የታጠበችው። ይህን መናገር አልነበረብኝም።»

ሰው ከገበያ ሲመለስ ይታጠባል። ምን ችግር አለው? እኔም እታጠባለሁ። የቆዳ ሽታ ለለመደው እንጂ ላልለመደው ከባድ ነው።

አምለሰት ማጽናናቷ መሰለኝ፣ እንዲህ አለች፦ «እኛም አገር አለ እኮ። ባለእጅ ይባላሉ። እናቴ ከሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ውሃ እንዳትጠጡ ትለን ነበር።» ይህን ስትል ሻዩን የምትጠጣው በኔ ብርጭቆ ነበር።

ባለእጅ። ድሬዳዋ ትምህርት ቤትም ሰምቼዋለሁ፣ በሌላ ልጅ ላይ። እጅ ያለው ማለት ነው። ስድብ መሆኑ እስከዛሬ ይገርመኛል። ሌላው ሰው እጅ የለውም?

ኦገስት 12

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው፤ አባቴ ለመነኝ፣ አልሰማሁትም። የሠላሳው ጥንድ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር ብዬ ልጽፍ አስቤ፣ ውሸት መሆኑን አየሁ። ዋይስ ከኋላ ቆሟል። ለእሱ ነው።

«በአፍሽ አርባ ብለሻል?» አለኝ አንደኛው።

«በሰሌዳ ብያለሁ።»

«በአፍሽ?»

«አላልኩም።»

«እሷ በአፏ አርባ ብላለች?»

«አላሉም።»

«ከልብስ ስር ያለውን ማን አየ?»

«ማንም እንዳያይ አይደል ልብሱ?»

ሳቅ። ሌላው ሽማግሌ ጺሙን እያሻሸ «በአርባ ዶላር እኮ ጠቦት ይገኛል። ጠቦት አርደሽ በልተሽ ቆዳውን ጫማ ማድረግ አይሻልም?» አለ። እንደገና ሳቅ። ቀልዱ ጥሩ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ከዚያ እኔን ትተው ወደ አባቴ ዞሩ። «ዱዓሌ፣ ምን ትላለህ?»

አባቴ መሬቱን እያየ «እጃችንን ይዘውልናል» አለ። «ከዚህ በላይ ምን እላለሁ?»

ነገሩ በዚህ አለቀ። ኻዲጃ አንድ ጆንያ ሩዝና ስኳር ጨመረች። በካሳ መልክ አይደለም፤ ሽማግሌው ጮክ ብሎ «ይህ ስጦታ ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ዴቆ። ስሜ እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም። አባቴ ጆንያውን ተሸከመው። እኔ አልረዳሁትም፤ ዋይስም አልረዳውም። ወገቡ ጎብጦ ከፊታችን ሲሄድ ከኋላው ተከተልነው።

አንድ ነገር አደረግሁ፤ እሱም እዚህ ብቻ ነው። ሱማልኛ አንቱታ የለውም። እሷን አንቱ ያልኳት በዚህ ደብተር፣ በአማርኛ ብቻ ነበር፣ ሳትጠይቀኝ። ከላይ «ጨመረች» ብያለሁ። ከእንግዲህ እንዲሁ ነው። ልወስድባት የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ ወስጃለሁ።

ኦገስት 13

ዋይስ ሩዙን በላ። እኔ አልበላሁም። «የተጣላሽው ከሩዙ ነው?» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ በደግነት። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ኦገስት 19

ዋጋውን ወደ ሃያ ልቀንስ? የእጁን ዋጋ ላውጣው? እጁን ካወጣሁት ግን ምን ቀረ፤ ቆዳ መልሼ እየሸጥኩ ነው ማለት ነው። አልቀንስም።

አልቀንስም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የምንበላው ግን የሷን ሩዝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔም እበላለሁ።

ኦገስት 28

ሠርገኞቹ ወደየአገራቸው እየተመለሱ ነው። ወቅቱ አለቀ።

ዋይስ ለአባቴ አዲስ ሰንደል ሰፋለት። ከጀርባው ቆዳ፣ ለራሱ ካስቀመጠው። ለምን አሁን አልኩት። «የድሮው ስላለቀ» አለ። የአባቴ ጫማ አላለቀም። አይቼዋለሁ።

ሴፕቴምበር 1

ሄዷል። ለሱብሒ ሶላት ስንነሳ ፍራሹ ታጥፏል። ወስፌዎቹን በሰም አሽቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እኔ መቀመጫ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ቃሉን አላፈረሰም። እስከ ወቅቱ መጨረሻ ነው ያልኩት፤ እኔው ነኝ ያልኩት።

ሴፕቴምበር 10

ከአዲስ አበባ ደወለ፤ ደህና ነው። ከዚያ ከመተማ፤ ደህና ነው። ከዚያ ዝም።

አባቴ ሰሌዳውን አውርዶ በመስኮቱ ክፍተት ወተፈው፣ አቧራው እንዳይገባ። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ነው የዞረው። ስሰፋ ቀና ባልኩ ቁጥር አነበዋለሁ።

ሴፕቴምበር 22

ምንም።

ያን ቀን በአፌ «በአስር ነው የምናወራው» ብል ኖሮ። ሦስት ቃል። አካውንቲንግ ያስተማረችኝ መምህር የመለኪያው ስም ያልተጻፈበትን ቁጥር ሁሉ በቀይ ትሰርዝ ነበር። አራት ምን? ትለን ነበር፤ አራት ሙዝ? ይህን አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ። እጄ በሰው እጅ ውስጥ ሲገባ ግን

ኦክቶበር 2

ዝናብ ጀመረ። ጥገና ብቻ ነው የሚመጣው፤ የተበጠሰ ማሰሪያ፣ የተላቀቀ ሶል። አባቴ «ልብህ ያለህን» ይላል። እኔ መስፋቴን እቀጥላለሁ።

ኦክቶበር 17

ስልክ ተደወለ፤ የሊቢያ ቁጥር ነው። አባቴ ሰጠኝ።

መጀመሪያ ዋይስ ነው። «ዴቆ» አለኝ፣ ከዚያ ድምፁ ሌላ ነገር ሆነ፤ አልጽፈውም። ከዚያ ሰውዬው መጣ። ማጋፌ ይሏቸዋል፤ ልጆቹን መንገድ ላይ ይዘው ለቤተሰብ የሚሸጡ። ሱማልኛው የሰሜን ነው፣ የኛው አገር ሰው። ትሑት ነው። ሰላምታ ሰጠኝ፣ የአባቴን ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ ብሩን ጠራ። ግልጽ አድርጎ፣ በአፉ፣ በዶላር። ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፣ እንዳልሳሳት።

«ይህን ያህል የለንም» አልኩት። «ቀንስልን።»

«እህቴ» አለኝ፣ «ዋጋው አንድ ነው።»

ኦክቶበር 18

የማን ልጅ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ከኛ ሰው ለአንዱ በግልጽ ዋጋ ሲጠራለት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦክቶበር 23

ሰፈሩ ያለውን አዋጣ። አዴር ሂርሲ የቢላ መሳያ ሞተሩን ሸጠ፤ ላመሰግነው ስሙን ስጠራ «ዝም በይ» አለኝ። አምለሰት ለእናቷ የምትልከውን ይዛ መጣች። አልበቃም። ወደ መብቃትም አልተጠጋም።

ትላንት እንደገና ደወሉ። ሰውዬው አልተናገረም። ስልኩን ዋይስ አጠገብ አድርገው እንድሰማ ብቻ።

አባቴ አዲሱን ሰንደል አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም፤ «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ እሄዳለሁ» አልኩት።

ኦክቶበር 24

ኤዶ ኻዲጃ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ናዋል በፎቶ ያሳየቻቸው የስዊድን ሴቶች ሰንደሉን ወደውታል አሉ፤ ብዙ ይፈልጋሉ። ስለ ዋይስ ሰምተዋል። ዱዓ አደረጉለት፤ ከልባቸው ይመስለኛል። የጎደለውን ሙሉውን እሰጣለሁ አሉ።

«ስጦታ ነው?» አልኳቸው።

«ስጦታ ከሆነ ልብሽ ይሰበራል፤ አውቅሻለሁ። ትሰፊልኛለሽ።»

«እስከ መቼ?»

በወር ነው የምናወራው ወይስ በዓመት፣ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። የቤቱ ልጆች ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ፤ አምለሰት በወጥ ቤቱ በር ቆማ ታየኛለች፤ ስልኬ ደረቴ ላይ ነው፣ መቼ እንደሚጮህ አላውቅም።

ሻርፓቸውን አነሱ። እጄን ከስሩ አስገባሁ። እጃቸው እንደ ያኔው ሞቃት ነው።

ስንት ጣት እንደያዙኝ አልቆጠርኩም።